ከቅባቱ በፊት ባልዲውን እንይ፦ ስለ ኅዳርና ታኅሣሥ የቆዳ ድርቀት

ጥያቄ፦ «የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። 38 ዓመቴ ነው፤ አስተማሪ ነኝ። ክረምቱን ሙሉ ምንም አልሆንም። ኅዳር ሲገባ ግን ቅልጥሜ የዓሣ ቅርፊት ይመስላል፤ እጄ ይሻክራል፤ ተረከዜ ተሰነጣጥቆ ደም ይወጣዋል፤ ማታ ማታ ደግሞ ያሳክከኛል። በየቀኑ በሙቅ ውሃ እታጠባለሁ፤ ጠዋት ጠዋት ቫዝሊን እቀባለሁ፤ በቀን 3 ሊትር ውሃ እጠጣለሁ። ግሊሰሪን በሎሚም ሞክሬያለሁ። ሰው የነገረኝን ክሬም ገዝቼ ፊቴን ስቀባ ለ2 ሳምንት አማረብኝ፤ ሳቆመው ባሰብኝ። ቫይታሚን ጎድሎኝ ይሆን ወይስ ቆዳዬ ቫዝሊኑን ለምዶት? የ6 ዓመት ልጄም ጉንጩ ላይ ነጫጭ ነገር ወጥቶበታል።»

ምላሽ፦ ቆዳ ቫዝሊን አይለምድም። ከጻፉት ውስጥም የቫይታሚን እጥረት የሚያስጠረጥር ነገር አላየሁም። እኔ የምጠረጥረው ሙቁን ውሃ፣ ሳሙናውንና ቫዝሊኑን የሚቀቡበትን ሰዓት ነው። ፊትዎን የቀቡት ክሬም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው፤ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ስለ ወቅቱ። ከውጭ የተተረጎሙ ምክሮች «በክረምት ቆዳዎን እንዲህ ይንከባከቡ» ይላሉ። ያ የፈረንጆቹ ክረምት ነው፤ ደረቅ ብርድ። የኛ ክረምት ዝናብ ነው። ሐምሌ ላይ ደብረ ብርሃን ይበርዳል፤ አየሩ ግን ውሃ የጠገበ ስለሆነ ከቆዳ ላይ ብዙ አይወስድም። እርስዎ ራስዎ በትክክል ታዝበውታል። የኛ ሰው ቆዳው የሚደርቀው ሰማዩ ሲጠራ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ፣ ቀኑ ፀሐይ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ። ከ2,800 ሜትር በላይ ለሚኖር ሰው ሦስቱም ይበረታሉ።

ነገሩ በቁጥር ሲታይ ይገባል። 0 ዲግሪ ላይ ያለ አየር እስኪጠግብ ቢሞላ እንኳ በ1 ሜትር ኩብ የሚይዘው 5 ግራም ገደማ ውሃ ነው። ያው አየር 20 ዲግሪ ሲሞቅ 17 ግራም ገደማ መያዝ ይችላል። ስለዚህ ሌሊቱን ውርጭ ሆኖ ያደረ አየር ረፋዱ ላይ ሲሞቅ ይጠማል። የጎደለውን ካገኘበት ይስባል፤ ከተሰጣ ልብስ፣ ከከንፈር፣ ከቅልጥም። በታኅሣሥ ልብስ ቶሎ የሚደርቅልዎት ለዚህ ነው። ቆዳዎም እዚያው ገመድ ላይ ተሰጥቷል ማለት ነው።

ቆዳ ግን መከላከያ አለው። የላይኛው ንጣፍ እንደ ሰሜን ሸዋ የድንጋይ ቤት ነው። የሞቱት ጠፍጣፋ ሴሎች ድንጋዮቹ ናቸው። በመካከላቸው ያለው ስብ ደግሞ ምርጊቱ ነው፤ ሴራማይድ፣ ኮሌስትሮልና ፋቲ አሲድ የሚባሉት። ምርጊቱ ደህና ከሆነ ውሃው ከውስጥ አይወጣም፤ ሳሙና፣ አቧራና ጀርምም ከውጭ አይገባም። ምርጊቱ ሲረግፍ ድንጋዩ ይላላል። በጥፍርዎ ቅልጥምዎን ጫር ያድርጉት። ነጭ መስመር ከቀረና ብናኝ ከረገፈ፣ የረገፈው ድንጋዩ ነው። በኛ የቆዳ ቀለም ላይ ይሄ አመድ የተነሰነሰበት ስለሚመስል ቶሎ ይታያል።

አሁን ወደ ባልዲው። ምርጊቱን ከብርዱ በላይ የሚያረግፈው ሙቅ ውሃና ሳሙና ነው። የወጥ ሳህን በቀዝቃዛ ውሃ ሲታጠብ ቅባቱ እንዴት እንደሚያስቸግር ያውቃሉ። በሙቅ ውሃና በሳሙና ግን ወዲያው ይለቃል። ቆዳዎ ላይም የሚሆነው ይኸው ነው። ጤነኛ ቆዳ ትንሽ አሲድነት አለው፤ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነቱ ይበዛል) 5 አካባቢ ነው። ተራ ደረቅ ሳሙና 9 እና 10 ይደርሳል። የልብስ ሳሙና ለገላ የሚጠቀም ሰው ካለ ደግሞ ዛሬውኑ ይተው። «በደንብ ያጸዳል» የሚባለው እውነት ነው፤ መጽዳት የሌለበትንም ያጸዳል። ከታጠቡ በኋላ ቆዳዎ ጭምድድ ብሎ ከያዘዎት፣ ያ ስሜት የንጽሕና ሳይሆን ወዝ የማጣት ነው።

ስለዚህ ከጥቅምት እስከ ጥር ድረስ እንዲህ ያድርጉ። ውሃው ለብ ያለ ይሁን፤ ክርንዎን ሲነክሩበት የማያቃጥል። ከ10 ደቂቃ በላይ አይቆዩ። ሳሙና ብብት፣ ብልት አካባቢና እግር ላይ ብቻ ይበቃል። ክንድ፣ ቅልጥም፣ ጀርባና ሆድ ጭቃ ካልነካቸው በውሃ ብቻ ይጸዳሉ። በየቀኑ መታጠብ ግዴታ አይደለም፤ አንድ ቀን እየዘለሉ ገላን መታጠብ፣ በመካከሉ ደግሞ ፊት፣ ብብትና እግርን ብቻ መታጠብ መጥፎ ሽታ አያመጣም። በሻካራ ማሻ መፈተግ ይቅር። አዲስ አበባ ሲመጡ ጓደኛዎ «ሞሮኮ ባዝ እንግባ» ካለችዎት፣ እስከ ሚያዝያ ያስተላልፉት። ያ ተፈቅፍቆ የሚወጣው ጥቁር ነገር ሁሉ ቆሻሻ አይደለም፤ አብዛኛው የራስዎ ቆዳ ነው።

ስለሚጠጡት ውሃ ብዙ አልልም። ሰውነት በእውነት ውሃ ካልጎደለው በስተቀር፣ ተጨማሪው ውሃ ቅልጥም ላይ አይደርስም። ትርፉን ኩላሊት ይሸኘዋል። ሲጠማዎት ይጠጡ። በጥቅምት አንድ አጥንትም ለብርዱ ይሆናል እንጂ ለተረከዝ አይደርስም።

ቫዝሊኑን እርስዎ የሚቀቡት ጠዋት፣ በደረቅ ቆዳ ላይ ነው። እንደ ጫማ ቀለም ማለት ነው፤ ያብለጨልጫል፣ ውስጡ ግን ያው ነው። ቫዝሊን ውሃ አይሰጥም። ሥራው ክዳን መሆን ነው፤ ከቆዳ የሚተነውን ውሃ እስከ 98 በመቶ ሊያግድ ይችላል። በዚህ ሥራ ከሱ የሚበልጥ ውድ ነገር አላውቅም። ክዳን ግን ጠቃሚ የሚሆነው ድስቱ ውስጥ ነገር ሲኖር ነው። ስለዚህ ከታጠቡ በኋላ ፎጣውን ጫን ጫን እያደረጉ ውሃውን ያስመጥጡ፤ አይፈትጉ። ቆዳዎ ገና እርጥብ ሳለ፣ ቢበዛ በ3 ደቂቃ ውስጥ፣ ቫዝሊኑን መዳፍዎ ላይ አሙቀው ስስ አድርገው ይቀቡ። ለሁለቱ ቅልጥም አንድ የሻይ ማንኪያ ይበቃል። ከዚያ በላይ የሆነው አንሶላውን ነው የሚያወዛው። በማይታጠቡበት ቀንም መጀመሪያ እጅዎን ውሃ ነክረው ቅልጥሙን ረጠብ ያድርጉት፤ ከዚያ ይቀቡ።

«ቫዝሊን ፀሐይ ላይ ያጠቁራል» የሚባለውን ሳልሰማ የዋልኩበት ቀን የለም። ቫዝሊን አያጠቁርም፤ ከፀሐይም አይከላከልም። የሚያጠቁረው ፀሐዩ ነው። እውነተኛ ችግሩ አቧራ መያዙ ነው፤ በበጋ ደግሞ አቧራ አይጠፋም። ስለዚህ ቫዝሊኑ የማታ ይሁን። ጠዋት ሽታ የሌለው ወፍራም ክሬም ይጠቀሙ። ሎሽን ውሃ ስለሚበዛበት ለሐዋሳ ይበቃ ይሆናል፤ ለደብረ ብርሃን ታኅሣሥ ግን አይበቃም። ክሬም ሲገዙ ጀርባው ላይ ግሊሰሪን፣ ሴራማይድ ወይም ዩሪያ (ቆዳን የሚያለሰልስና እርጥበት የሚይዝ ንጥረ ነገር) የሚል ካለ ጥሩ ነው። ሽቶው በርቀት የሚሸት ከሆነ ይለፉት፤ የተሰነጠቀ ቆዳ ላይ ያቃጥላል፣ አለርጂም ያመጣል። በዋጋ አይሸወዱ። ሕመምተኞቼን የሚቀቡትን ሁሉ በፌስታል ይዘው እንዲመጡ እጠይቃለሁ። ከዚያ ፌስታል ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ በጣም ውዱ ዕቃ ነው ጥፋተኛው።

ግሊሰሪን መጥፎ ነገር አይደለም። ውሃ ይስባል። ነገር ግን ንጹሑን ግሊሰሪን ደረቅ አየር ውስጥ ሲቀቡት፣ ከአየሩ የሚስበው ስለሚያጣ ከቆዳዎ ውስጥ ይስባል። 1 እጅ ግሊሰሪን በ3 ወይም በ4 እጅ ንጹሕ ውሃ ያቅጥኑት፤ ላዩን በቫዝሊን ይክደኑት። ሎሚውን ግን ለሰላጣ ይተውት። የሎሚ ጭማቂ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ሊቃጠልና ውሃ ሊቋጥር ይችላል፤ ሲድን ደግሞ ለወራት የሚቆይ ጥቁር ምልክት ይተዋል።

ስለ ዘይትም ይጠየቃል። የወይራ ዘይት ለምግብ እንጂ ለደረቅ ቆዳ አልመርጠውም፤ ውስጡ የሚበዛው ኦሌይክ አሲድ ያንኑ ምርጊት ያላላል። የሱፍ አበባ ዘይት ይሻላል፤ ቤት ውስጥ ካለ እርጥብ ቆዳ ላይ ጥቂት ጠብታ ይሆናል። ቅቤ ያልቆሰለ ቆዳ ላይ ጉዳት የለውም። ነገር ግን ያልተነጠረ ቅቤ ጀርም ስለማያጣው የተሰነጠቀና ደም የሚወጣው ቦታ ላይ አይቀቡት። ሽታውን እርስዎና ተማሪዎችዎ ትወያዩበታላችሁ።

እጅዎ ሁለት ጠላት አለው፤ ጠመኔና የልብስ ዱቄት ሳሙና። ጠመኔ ወዝና እርጥበት ይመጥጣል። ክፍል ሲጨርሱ እጅዎን በውሃ ብቻ ያለቅልቁ፤ ቦርሳዎ ውስጥ ትንሽ ክሬም ይኑር። ልብስ በእጅ የሚያጥቡ ከሆነ የጎማ ጓንት ያድርጉ፤ ጓንቱ ውስጥ ስስ የጥጥ ጓንት ቢኖር ደግሞ ላብ አያስቸግርዎትም። ጣትዎ በብርድ ከደነዘዘ ወዲያው እሳት ላይ አይዘርጉት። ቀስ ብሎ በብብት ወይም በጋቢ ውስጥ ይሙቅ። አለዚያ ጣት ያብጣል፣ ይቀላል፣ ያሳክካል።

እሳት ካነሳን፣ ከከሰል ማንደጃ አጠገብ የሚቀመጡ ከሆነ ቅልጥምዎን ይመልከቱ። ለወራት በየቀኑ እሳት የሚመታው እግር ላይ መረብ የሚመስል ቡናማ ጥለት ይወጣል። ሰዎች ማድያት ወይም የደም ሥር ይመስላቸዋል። የሙቀቱ ምልክት ነው። ከእሳቱ ከራቁ አብዛኛው ቀስ ብሎ ይደበዝዛል፤ ካልራቁ ግን ለዘለቄታው ይቀራል፤ አልፎ አልፎም ወደ ካንሰር ሊለወጥ ይችላል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል አንድዶ መተኛት ደግሞ ስለ ቆዳ የሚወራበት ጉዳይ አይደለም፤ ይገድላል።

አሁን ወደ ፊትዎ ክሬም። የክሬሙን ስም አልጻፉም፤ ታሪኩ ግን ስሙን ይናገራል። በ2 ሳምንት ፊት የሚያጠራ፣ ሲቆም የሚብስ ቅባት አብዛኛውን ጊዜ ስቴሮይድ የሚባል የቆዳ ብግነት ማስታገሻ መድኃኒት አለበት። ቱቦውን ያንብቡ። ክሎቤታሶል፣ ቤታሜታሶን ወይም ሞሜታሶን የሚል ካለ ያው ነው። እነዚህ መድኃኒቶች መርዝ አይደሉም። እኔም ለእጅ ችፌ አዝዛቸዋለሁ፤ ለተወሰነ ቀን፣ ለተወሰነ ቦታ። ክሎቤታሶል ግን ከጠንካሮቹ ሁሉ ጠንካራው ነው፤ ፊት ላይ ቦታ የለውም። ሲቆይ ቆዳን ያሳሳል፣ ብጉር ያወጣል፣ የደም ሥር ያሳያል። ሲቆም ደግሞ ፊት ይቀላል፣ ያቃጥላል። ሰው ይደነግጥና መልሶ ይቀባዋል፤ ወጥመዱ እዚህ ላይ ነው። እርስዎ የተጠቀሙት 2 ሳምንት ብቻ ከሆነ ያቁሙ፤ ጥቂት ሳምንት ይታገሱ። ፊትዎን በውሃ ብቻ ይታጠቡ፤ ሽታ የሌለው ክሬም ይቀቡ፤ ሌላ ምንም አይጨምሩ። ለወራት የተጠቀመ ሰው ግን በድንገት ከማቆሙ በፊት ሐኪም ይይ፤ አወራረዱን ሐኪሙ ያወጣለታል። ምን እንዳለበት ያልተጻፈበት ክሬም ከሆነ ደግሞ ወደ ቆሻሻ መጣያው ይሂድ። ከእንዲህ ዓይነቱ ውስጥ ሜርኩሪ ያለበትም ይገኛል፤ ሜርኩሪ ኩላሊት ይጎዳል።

ብርዱ ፀሐዩን አያስረሳዎት። ከባሕር ወለል 1,000 ሜትር ከፍ ባሉ ቁጥር አልትራቫዮሌት ጨረሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ታኅሣሥ ላይ ሰው ፀሐይ የሚሞቀው ደስ እያለው ነው፤ ቃጠሎው አይታወቀውም። ሰፊ ባርኔጣ፣ ጃንጥላ ወይም ነጠላ ይጠቀሙ። አቅም ካለ ኤስፒኤፍ 30 የሆነ የፀሐይ መከላከያ ፊት ላይ። ከንፈርዎን አይላሱ፤ ምራቁ ሲተን ይበልጥ ያደርቀዋል። ቫዝሊን ይቀቡት።

የልጅዎ ጉንጭ ላይ ያለው፣ ጠርዙ የማይለይ፣ ፈዘዝ ያለና በትንሹ የሚረግፍ ከሆነ በደረቅ ቆዳና በፀሐይ የሚባባስ የልጆች ችግር ነው። ሰፈር ውስጥ ቋቁቻ ይሉታል፤ የሆድ ትልም ነው ይላሉ። አይደለም። በክሬምና በባርኔጣ ለወራት ይቆይና በራሱ ይጠፋል። የፈንገስ ቅባት አይግዙለት። ሁለት ነገር ግን ይፈትሹ። እንደ ወተት የነጣና ጠርዙ ቁርጥ ያለ ከሆነ ለምጽ ሊሆን ይችላል። ዓይኑን ጨፍኖ በጥጥ ጫፍ ሲነኩት የማይሰማው ከሆነ ደግሞ ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። የሥጋ ደዌ እንዲህ ሊጀምር ይችላል፤ መድኃኒቱ ነፃ ነው፣ በጊዜ ከተያዘ ሙሉ በሙሉ ይድናል።

የማታ ማሳከክዎ አንድ ጥያቄ ያስጠይቀኛል። ከቤትዎ ሌላ የሚያክ ሰው አለ? ደረቅ ቆዳ ማታ ያሳክካል፤ እከክም ማታ ያሳክካል። ማሳከኩ ቅልጥም ላይ ከሆነና ሲቀቡት ከቀለለ ድርቀት ነው። በጣቶች መካከል፣ አንጓ ላይ፣ ጡት ሥርና እምብርት ዙሪያ ከሆነ፣ ልጅዎም የሚያክ ከሆነ ግን እከክ ይጠርጠር። ያኔ ቫዝሊን አያድነውም፤ ስቴሮይድ ደግሞ ይደብቀዋል። ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ቀን መታከም አለበት።

ሌላም ልጠይቅ። ቅልጥምዎ የዓሣ ቅርፊት የሚመስለው ከልጅነትዎ ጀምሮ ነው? እናትዎ ወይም አባትዎም እንዲሁ ናቸው? እንደዚያ ከሆነ በዘር የሚመጣ ድርቀት ነው። ይለሰልሳል እንጂ አይጠፋም፤ 10 በመቶ ዩሪያ ያለበት ክሬም ዓመቱን ሙሉ ያስፈልግዎታል። ድርቀቱ ዘንድሮ የመጣ ሆኖ ድካም፣ የሆድ ድርቀት፣ ክብደት መጨመርና ከሰው ሁሉ በላይ የመበረድ ስሜት ካለ ደግሞ የእንቅርት ሆርሞን ምርመራ ያድርጉ። ስኳር ያለበት ሰው የተሰነጠቀ ተረከዝ ካለው ይህን ጽሑፍ ጨርሶ ሳይሆን አቋርጦ ሐኪም ጋ ይሂድ።

የኔ ምክር ቁርጥ ያለ ነው። ለ4 ሳምንት አዲስ ነገር አይግዙ። ለብ ያለ ውሃ፣ ሳሙና በሦስት ቦታ ብቻ፣ ማታ እርጥብ ቆዳ ላይ ቫዝሊን፣ ጠዋት ክሬም። ከስር የጥጥ ልብስ ይልበሱ፤ የሱፍ ሹራቡ ከላይ ይምጣ። ማሳከኩ በአንድ ሳምንት ይቀላል። ቅርፊቱ በሁለት ሳምንት ይለሰልሳል። ይህ ግን ወቅቱን አይለውጠውም፤ የበልግ ዝናብ ሳይጥል ካቋረጡት ተመልሶ ይመጣል።

ተረከዝዎ የሚያርፈው ከሁሉም በኋላ ነው። ቆዳው ወፍራም ስለሆነ ሲደርቅ አይታጠፍም፤ ክብደትዎ ሲያርፍበት ይፈነዳል። ማታ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ 10 ደቂቃ ይንከሩት። በእግር ድንጋይ ቀስ አድርገው አንድ ሁለቴ ይፈግፍጉት፤ በምላጭ በጭራሽ። ደም የሚወጣው ስንጥቅ ካለ ድንጋዩ ይቆይ፤ እስኪዘጋ ቫዝሊን ብቻ። ሲዘጋ ከ20 እስከ 25 በመቶ ዩሪያ ያለበት ቅባት፣ ላዩን ቫዝሊን፣ ከዚያ የጥጥ ካልሲ አድርገው ይተኙ። ቀን ቀን ተረከዙ ክፍት የሆነ ነጠላ ጫማ ይተው። እንዲህ አድርገው በ6 ሳምንት ካልዳነ፣ በተለይም አንዱ እግር ብቻ ከሆነ ወይም የጣቶች መካከል ከነጣና ካሸተተ፣ እኔ ፈንገስ መጠርጠር እጀምራለሁ። ያኔ ቅርፊቱ ተፍቆ በማይክሮስኮፕ መታየት አለበት። ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ይጠይቁ፤ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ከተባሉ ደግሞ ዘነበወርቅ ያለው አለርት ሆስፒታል የቆዳ ክፍል አለው። ከመሄድዎ በፊት ባለው አንድ ሳምንት እግርዎን ምንም የፈንገስ ቅባት አይቀቡ፤ ከቀቡ ፈንገሱ ምርመራው ላይ ሳይታይ ሊቀር ይችላል።